ክንፉ ተገኝቷል፤ የጠፋው ፍላጎት ነው

«ቴክኖሎጂው ገና አልደረሰም» የምትለው ማመካኛ ሰልችታለች። ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን የት አለ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር እሷው ትመዘዛለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ክንፉ ከታሰበ ሰባ ዓመት አልፎታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን ሲበር ከክንፉ ሥር ያለው ግፊቱ ከፍ ያለ አየር በክንፉ ጫፍ ዞሮ ወደ ላይ ይሾልካል፤ አዙሪት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሞተሩም ጉተታውን ለማሸነፍ ነዳጅ ይፈጃል። መፍትሔው ክንፉን ማስረዘምና ማቅጠን ነው። ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ክንፋቸው የረዘመው ለዚህ ነው። ረጅምና ቀጭን ክንፍ ግን ይጎብጣል፣ ይርገበገባል። ስለዚህ እንደ ትንሿ ሴስና ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በሚነሣ ድጋፍ ይያዛል።

የፈረንሳዩ ሁሬል-ዱቧ ኩባንያ በ1953 እንዲህ ባለ ክንፍ የተሠራ ማጓጓዣ አውሮፕላን አብርሯል። በዚያው ዘመን ቨርነር ፕፌኒንገር የተባለ መሐንዲስ አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡን ለረጅም ርቀት ጄቶች አቅርቦ ነበር። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት በዚያ ጊዜ ሰሚ አላገኘም።

ናሳና ቦይንግ ሐሳቡን መልሰው አነሡት፤ ሰው ሠራሽ ነፋስ በሚነፍስበት ክፍልም በሞዴል ደጋግመው ፈተኑት። በጃንዋሪ 2023 ናሳ 425 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ቦይንግና አጋሮቹ 725 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊጨምሩ ተስማሙ። የአንድ ኤምዲ-90 አውሮፕላን ክንፍ ተነቅሎ በአዲሱ ሊተካ፣ ኤክስ-66 ተብሎም በ2028 ሊበር ታቀደ። ከአዲስ ሞተርና ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ተደምሮ የነዳጅ ፍጆታን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተነገረ። የክንፉ ድርሻ ብቻውን ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ነዳጅ የወጪያቸውን ሩብ ገደማ ለሚወስድባቸው አየር መንገዶች ጥቂት በመቶም ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከዚያስ? በኤፕሪል 2025 አውሮፕላኑን የመሥራቱ ዕቅድ ቆመ። ትኩረቱ ቀጭን ክንፍን መሬት ላይ ወደ መሞከር ዞረ።

ተከላካዮቹ ረጅም ክንፍ ኤርፖርት ላይ መቆሚያ አያገኝም ይላሉ። እርግጥ 737 እና ኤ320 የሚቆሙበት ቦታ የተለካው ለ36 ሜትር ክንፍ ነው። ግን ቦይንግ ራሱ ለ777ኤክስ ጫፉ የሚታጠፍ ክንፍ ሠርቷል፤ ሰማይ ላይ 71.8 ሜትር፣ መሬት ላይ 64.8 ሜትር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በማርች 2024 ከዚሁ ዓይነት ስምንት 777-9 አዝዟል። የክንፉ መርገብገብ፣ የሚጋገርበት በረዶ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው መጥበብ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። የመጨረሻ መልሳቸው የሚገኘው ግን በማብረር ነው፤ ኤክስ-66 የታሰበውም ለዚሁ ነበር።

ገንዘብ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ቦይንግ ከ2013 እስከ 2019 የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በኖቬምበር 2022 የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ካልሁን እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ አዲስ አውሮፕላን እንደማይኖር ለባለሀብቶች ተናገሩ። ኤርባስም ረጅምና ታጣፊ ክንፍ ሊኖረው የታሰበውን ቀጣይ አውሮፕላን ለ2030ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቀጥሮታል። ገበያውን ለሁለት ተካፍለው ከያዙት ማን ያጣድፋቸዋል?

አሮጌውን መጣጣፍ ምን እንደሚያስከፍል ለኢትዮጵያውያን አይነገርም። 737 መጀመሪያ የበረረው በ1967 ነው። በ2011 ቦይንግ ከኤ320 ኒዮ ጋር ለመፎካከር አዲስ አውሮፕላን ከመንደፍ ይልቅ ለዚያው አካል ትልልቅ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተሮች መግጠምን መረጠ። ሞተሮቹ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፉ፤ የአውሮፕላኑ ጠባይ ተለወጠ፤ ያንን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ። ሶፍትዌሩ ከአንድ ዳሳሽ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። በኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች፣ ማርች 10 ቀን 2019 ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች አለቁ። ነዳጅ መቆጠቡ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ በአሮጌ አካል ላይ እራፊ መጣፉ ነው።

ጥፋቱ ግን የአምራቾቹ ብቻ አይደለም። 777 ሲነደፍ ስምንት አየር መንገዶች ከቦይንግ መሐንዲሶች ጋር ተቀምጠው መክረውበታል። ያኔም ታጣፊ ክንፍ በአማራጭ ቀርቦላቸው ነበር፤ አንድም ገዢ አልወሰደውም። ገዢ ከጠየቀ ይሠራል፤ ዝም ካለ ይቀራል።

የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኖቬምበር 2023 ተጨማሪ 20 ማክስ አዝዟል። ዛሬ የሚበር ድርጅት ዛሬ ያለውን ቢገዛ አይፈረድበትም። የሚቀጥለው ውል ላይ «ክንፉስ?» ብሎ ካልጠየቀ ግን ይፈረድበታል። ከአፍሪካና ከባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ጋር ሆኖ ቢጠይቅ ድምፁ ይሰማል። ለቢሾፍቱ የታሰበው አዲስ ኤርፖርትም መቆሚያዎቹ ሲለኩ የነገው ረጅም ክንፍ ይታሰብ፤ ነገ «ቦታ የለም» የሚል ሰበብ እንዳይኖር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ነዳጁ ግን በየቀኑ እየተቃጠለ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለውም ትኬት ቆራጩ ነው።