ቃላቸውን ስንዋስ

ባለፈው ሳምንት በታሪክ ክፍል አንድ ጓደኛችን ስለ ኬንያ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሲያነብልን «በአስቸኳይ ጊዜው ዘመን» የሚለውን ሐረግ ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ እጁን አንሥቶ «ማን ነበር የቸኮለው?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህራችንም ሳቁ፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ሰዓቱ አለቀ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ በሳቅ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1960 በኬንያ ያደረገውን «ኢመርጀንሲ» ብሎ ሰየመው እንጂ ጦርነት አላለውም። ጦርነት ካልተባለ ደግሞ የተያዘው ሰው ምርኮኛ አይባልም። ሰውን እየደበደቡ መመርመር «ስክሪኒንግ»፣ ማለትም ማጣራት ተባለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ አብዛኛው ኪኩዩ፣ ከቤቱ ተነቅሎ በዘበኛ በሚጠበቅ ሰፈር ሲታጎር «መንደር ምሥረታ» ተባለ። ያለ ፍርድ በየካምፑ የታሰረውን መሐላውን እስኪክድ ማስጨነቅ «ማረም» ሆነ። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት ለፓርላማው ቀርቦ በዚያን ጊዜ ኬንያውያን መሠቃየታቸውን አመነ፤ ለ5,228 ሰዎችም የጠበቃ ወጪን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ። እኛ ግን ዛሬም «አስቸኳይ ጊዜ» ብለን እንተረጉማለን። ባለቤቱ ያፈረበትን ልብስ እኛ አጥበን ለበስነው።

«ማንዴት» የሚባለውም ከዚህ አይሻልም። አባቶቻችን «ሞግዚትነት» ብለው ተረጎሙት፤ ትርጉሙ ደግ ነው። በእኛ ዘንድ ሞግዚት የሙት ልጅን ሀብት ጠብቆ፣ ልጁ ሲያድግ የሚያስረክብ ነውና። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በ1920 በመንግሥታት ማኅበር አማካይነት ለደቡብ አፍሪካ «በሞግዚትነት» ተሰጠች፤ ናሚቢያ ተብላ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው። ልጁ ሰባ ዓመት ሙሉ አላደገም ማለት ነው፤ ለማደጉም ጠመንጃ ማንሣት ነበረበት። ስለ ውጫሌ 17ኛ አንቀጽ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መድገም አያስፈልግም።

በ1868 ወደ መቅደላ የመጣው ጦር በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ኤክስፔዲሽን» ይባላል፤ ቃሉ ለሊቃውንትም ጉዞ ያገለግላል። ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ የተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም «ፕራይዝ» ተብሎ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ዛሬ ፕራይዝ የምንለው በስፖርት ቀን የምንቀበለውን ሽልማት ነው። እንግሊዝኛ ለዘረፋ ቃል አጥቶ አይደለም፤ «ሉት» የሚል ጥሩ ቃል አለው። እሱንም ያገኘው ከሕንድ ነው። (ባለቤቱን አስፈቅደው የወሰዱት አይመስለኝም።)

እስከዚህ ድረስ ብጽፍ ሁላችሁም ታጨበጭቡልኝ ነበር። ግን ሌላም ቃል አለ፤ «ፓሲፊኬሽን»፣ ሰላም ማድረግ። የበርማው ንጉሥ ቲባው በ1885 ከተማረከ በኋላ እንግሊዞች ለዓመታት ሲዋጉና መንደር ሲያቃጥሉ ለኖሩበት ሥራ የሰጡት ስም ነው፤ አገሩን ያስተዳደሩት ክሮስትዌይት በ1912 ያሳተሙትን መጽሐፍ ርእስ በዚሁ ቃል አደረጉት። ይህን ሳነብብ ሳቅሁ። ቀጥዬም የራሴን የሴሚናር ጽሑፍ ብገልጥ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ወላይታን «አቀኑ»፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስም በ1897 ከፋን «አቀኑ» ብዬ ጽፌ አገኘሁት።

ማቅናት ምን ማለት ነው? የጎበጠን ቀጥ ማድረግ፣ ጠፍ የነበረን መሬት አልምቶ ማቋቋም ነው። ታዲያ ወላይታ ጎብጦ ነበር? ከፋ ጠፍ ነበር? ንጉሥ ጦናም ሆኑ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሕዝብና ሕግ የነበራቸው ንጉሦች ነበሩ፤ ሁለቱም በምርኮ ሄዱ። የላቲኑ «ኮሎኒያ»ም ሥሩ እርሻ ማረስ ነው፤ ሮማዊው ገበሬ የሰፈረበት ቦታ ነበር። ሮምና ሸዋ ሳይማከሩ አንድ ዘዴ አገኙ። «ገዛ» የሚለው ግሳችንም አስተዳደረ ማለትም በገንዘብ ሸመተ ማለትም መሆኑን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያጠናው መልካም ነው፤ የቋንቋ ክፍል መምህራን ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የእንግሊዝን ቃል ስትነቅፍ ጀምረህ የእናትህን ቋንቋ ልትሰድብ ነው?» ብለውኛል። ስድብ አይደለም። የባዕድን ቃል በጥርጣሬ እያየን የራሳችንን እንደ ጸሎት ብንቀበለው፣ የክፍሉ ግማሽ ሲስቅ ግማሹ አንገቱን ይደፋል፤ ሁለቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ይውጣ አልልም። የጥንት ደራሲ ከጻፈው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይቀመጥ፤ በገዛ ዐረፍተ ነገራችን ግን የሆነውን እንጻፍ፤ ማን ዘመተ፣ ማን ተማረከ፣ መሬቱስ ለማን ተሰጠ።

እኔ ከጽሑፌ «አቀኑ»ን ሰርዤ «በጦር ያዙ» አልሁ። አብሮኝ በአንድ ክፍል የሚያድረው ልጅ የሶዶ ተወላጅ ነው። ረቂቁን ተቀብሎ አነበበና፣ «ያዙ» በሚለው ላይም ጣቱን አሳርፎ፣ «ይህ ለዶሮም ይባላል» አለኝ። ሌላ ቃል እስኪገኝ በየማታው እየተከራከርን ነው።