ልጅ የያዙ ይቅደሙ ሲባል

ዛሬ ፍላይት የወጣላቸው እናቶች የሚጠይቁትን እናንሳ፦ አውሮፕላን ውስጥ ማን ቀድሞ ይገባል?

በሩ ሲከፈት ሁሉም አንዴ አይገባም፤ ሠራተኛዋ በማይክ በተራ ትጠራለች። ብዙ ጊዜ በዊልቸር የሚሄዱና እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ይቀድማሉ፤ ሕፃን የያዙ ቤተሰቦች ከእነሱ ጋር ወይም ውድ ቲኬት ካላቸው ቀጥለው ይጠራሉ። ሌላው ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ባለው የግሩፕ ወይም የዞን ቁጥር ይገባል። “ፋሚሊስ”፣ “ቺልድረን” ሲባል ስሙ።

የእኛ ሰው ግን ይሉኝታ አለበት። ልጁን አዝሎ፣ የአይ.ኦ.ኤም ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ “ሰው ምን ይለኛል” ብሎ ዳር ይቆማል። ይሄ እኮ የሬሽን ሰልፍ አይደለም! ወንበሩ ቁጥር አለው፤ ብትቀድሙ የማንም ድርሻ አይጎድልም። የሚያልቀው ከላይ ያለው የዕቃ ቦታ ነው። ወተቱና ዳይፐሩ ያለበት ቦርሳ አሥር ረድፍ ርቆ ከተቀመጠ፣ ቀበቶ ታስሮ የልጅ ለቅሶ መስማት ነው።

ቅድሚያው የየኩባንያው ልማድ ነው። ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. አንስቶት ነበር፤ በኋላ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ ላላቸው መልሶታል። ሌሎች ዕድሜውን ከፍ ያደርጉታል። ካልተጠራችሁ ሕፃኑን አሳይታችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ከተራው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የልጁ ዕድሜ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው በጭን ይሄዳል፤ የሞላው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። የሚቆጠረው በጉዞው ቀን ነው፤ የሚታየውም ወረቀቱ ላይ ያለው ልደት እንጂ እናት የምታውቀው አይደለም። ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለን የተመዘገብነው! ፕሮሰሱ ተጓትቶ ልጁ በወረቀት ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ከጉዞው ቀን በፊት ለአይ.ኦ.ኤም ሠራተኛ ንገሩ። አየር ማረፊያ ደርሶ ወንበር የለም ቢባል ቤተሰቡ ሁሉ ሊቀር ይችላል። መንታ ያላችሁም እንዲሁ፦ አንድ ሰው በጭኑ የሚይዘው አንድ ሕፃን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለታቀፈ ልጅ መቅደም ጥሩ ነው። እግር ያወጣ፣ አልቀመጥም የሚል የሦስት ዓመት ልጅ ከሆነ ግን አባትየው ዕቃውንና ትልልቆቹን ይዞ ይግባ፤ እናትየው ትንሹን እስከ መጨረሻው ጥሪ እዚያው ታንሸራሽረው። በሩ ላይ ሰነድ የሚታይ ከሆነ ግን አትለያዩ፤ የሁላችሁም ወረቀት ያለው አንዱ ቦርሳ ውስጥ ነው።