የአጎት ገንዘብ

በባንክ መስኮት ማዶ ተቀምጦ የሚውል ሠራተኛ ከሚያዘጋጃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩና ባለጉዳይ በጭንቀት የሚጠብቀው አንድ ነው፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና የአንድን ሰው ቀሪ ሂሳብ በአኃዝና በፊደል ጠቅሶ በማኅተም ይዘጋል። ኤምባሲ የሚጠይቀው እሱን ነው። አብሮት የሚያያዘው የሂሳብ መግለጫ ግን ከደብዳቤው ይልቅ ብዙ ይናገራል። ለወራት ከሁለትና ከሦስት ሺህ ብር ሳያልፍ የኖረ ሂሳብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ሰው ገቢ ያደርግበትና ያብጣል። ቪዛው ተመታም ተከለከለም፣ ገንዘቡ ብዙም ሳይቆይ እንደ አመጣጡ ይመለሳል። ግጥም ለሚሞክር ሰው ወረቀቱ ሰምና ወርቅ ያለው ነው፤ ሰሙ ድምሩ፣ ወርቁ ገቢ ያደረጉት ሰዎች ስም።

ብዙዎች ይህን ማጭበርበር ይሉታል። እኔ በዚህ ስም ለመጥራት ይከብደኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ሕዝብ ልጁን ባሕር ማዶ ሲልክ ተሸክሞ የሚልከው በሃምሳ ሰው ነው። አጎት የጭነት መኪናውን ጎማ መግዣ ያቆያል፤ አክስት እቁብ ሲደርሳት ታመጣለች፤ አባት በሬ ይሸጣል። ይህ ሀብት አይደለም የሚል ካለ እኛን አያውቀንም። ችግሩ መግለጫው ለእንዲህ ያለው ሀብት ዓምድ የለውም።

ብሪታንያን እንውሰድ። ከእኛ አገር የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የተጠየቀው ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል በሂሳቡ መቆየቱን ያሳያል። ገንዘቡ በእናት ወይም በአባት ስም ቢቀመጥም ያገለግላል፤ የዝምድናው ማስረጃና የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይያያዝበታል። አጎት ግን በሕግ አሳዳጊ ካልሆነ በስተቀር አይቆጠርም። እንግዲህ በእኛ አገር ስንቱን ያስተማረው አጎት ነው! የአጎት ስም በቅጹ ላይ ቦታ ካጣ፣ ገንዘቡ የእህቱን ልጅ ስም ለብሶ ከመቅረብ በቀር ምን መንገድ ቀረለት?

የጀርመኑ አሠራር ይከፋል፤ ነገር ግን ቅንነት አለው። ተማሪው የዓመት መኖሪያውን በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣል፤ እዚያ ሲደርስ በየወሩ እየተቆረጠ ይሰጠዋል። በውሰት ገብቶ በሳምንቱ የሚወጣ ገንዘብ እዚህ አይሠራም። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው ብዙ ቤተሰብ እንዲደፍር አድርጓል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ድፍረቱ ተፈተነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በታኅሣሥ 2017 ከ120 ብር አልፎ ነበር። በዚያው ነሐሴ 26 ቀን ጀርመን የዓመቱን መጠን ከ11,208 ወደ 11,904 ዩሮ አሳደገች። አንዲት ሳንቲም ያላባከነ ቤተሰብ፣ ዓመታት ያጠራቀመው በወራት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ዋጋ አጣ። የዚህን ልጅ ድህነት የትኛው መግለጫ ያስረዳል?

ኤምባሲዎች መጠየቃቸውን አልቃወምም። በባዕድ አገር ክረምት ያለ ቤት ኪራይ መቅረት ቀልድ አይደለም። የምቃወመው፣ የአንድ ሰው አቅም በአንድ ሰው ሂሳብ ብቻ ይለካል የሚለውን እምነት ነው። ዋስ የሚባለውን ነገር ጀርመኖችም ያውቁታል፤ በአገራቸው የሚኖር በቂ ገቢ ያለው ሰው ለተማሪው ወጪ ኃላፊ እሆናለሁ ብሎ ከፈረመ ይቀበሉታል። የደሴው አጎትም መኪናው በሊብሬ፣ ንግዱ በፈቃድ የተመዘገበ ሰው ነው፤ ፈርም ቢሉት የራሱን እስክሪብቶ ይዞ እስከ ኤምባሲው በር ይመጣል።