የይለፍ ቃሉን ከመቀየራችን በፊት

ወሩ ሊያልቅ አምስት ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በራስ ዲካ በምንኖር የሀገር ልጆች ቤት አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ይነሣል። ኢንተርኔቱ ተንቀራፎ ቆመ፤ ወይም የተገዛው ጥቅል ከቀኑ በፊት አለቀ፤ አለዚያም የክፍያው ጣቢያ ተዘግቶ ቴሌቪዥኑ «ሂሳብዎን ይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያል። አባወራው «ማን ነው የጨረሰው?» ብሎ ይቆጣል። መልሱ ግን ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ማታ ማታ ሥራዋን ጨርሳ፣ በወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ከእናቷ ጋር የምታወራው የቤት ሠራተኛ ናት የጨረሰችው! በማግስቱ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ይቀየራል። ይህም «ቁጠባ» ይባላል።

ይህንን የምጽፈው በሌላው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም። በእኔም ቤት ተደርጓል፤ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ልጅቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በተከታዩ ወር ግን ጥቅሉ እንደ ልማዱ በዚያው ሰሞን አለቀ። እርሳስና ወረቀት ይዤ የተቀመጥሁት ያን ጊዜ ነው፤ አስቀድሜ መቀመጥ ሲገባኝ።

ሂሳቡ እነሆ፤ አንባቢም በየቤቱ ይመርምረው። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ድምፅ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ይፈጃል ብለን አብዝተን ብንቆጥር እንኳ፣ የአንድ ሰዓት ወሬ ከ60 ሜጋባይት አያልፍም። ጥራቱ ከፍ ያለ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። እንግዲህ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለ90 ደቂቃ በዚህ ጥራት ቢታይ 4 ጊጋባይት ተኩል ያህል ነው። ይህም የ75 ሰዓት የስልክ ወሬ ማለት ነው፤ ልጅቱ በየማታው አንድ ሙሉ ሰዓት ብታወራ ሁለት ወር ተኩል ያደርሳታል። እኛ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጨረስነውን እርሷ በሁለት ወር እንኳ አትጨርሰውም። ታዲያ ቅጣቱ በማን ላይ ወደቀ? በበላው ላይ ሳይሆን አፍ በሌለው ላይ!

«ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን የዋጋው ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በከፊል እውነት አለው። ጅቡቲ የባሕር ሥር ኬብሎች መገናኛ ናት። የምሥራቅ አፍሪካው ኢሲ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እስያን ከአፍሪካና ከአውሮፓ የሚያገናኘው ኤኤኢ-1 በ2017፣ ከሞምባሳ የሚመጣው ዳሬ-1 ደግሞ በ2021 አገልግሎት ጀምረዋል፤ ሁሉም እዚሁ የብስ ይነካሉ። የኢትዮጵያም ኢንተርኔት ከፊሉ በዚሁ በር ያልፋል። ምንጩ ከደጃፉ የሚፈልቅለት ሰው ውኃ በውድ መግዛቱ ሊያስቆጨው ይገባል። አገልግሎቱ ለረጅም ዓመታት በአንድ የመንግሥት ኩባንያ እጅ ብቻ መቆየቱም ለደንበኛው አልበጀውም። በጎረቤት በድሬዳዋ ሁለተኛው ድርጅት ሳፋሪኮም ሙከራውን የጀመረው በነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ዘመዶቻችን ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሁለት ዋጋ አስተያይተው መግዛት ችለዋል። ስለ ዋጋው አቤት ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ዋጋ ውድ መሆኑ የበለጠ እንድንቆጥር እንጂ ሳንቆጥር እንድናባክን ምክንያት ሊሆነን አይችልም። ጤፍ በተወደደ ጊዜ እንጀራ ለውሻ የሚጥል ማን ነው?

ከዚህ የባሰው ደግሞ በነጻ የምናገኘውን በገንዘብ መግዛታችን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች «ኢትዮሳት» በሚል ስም፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በምትገኘው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ላይ ተሰባስበዋል። ዲሹና ሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ከተገዙ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ የለም፤ አንድ ሜጋባይትም አይነኩም። ብዙዎቻችን ግን ዲሻችንን ከድሮው ከናይልሳት አቅጣጫ ሳናነሣ ቀርተናል። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ሁለቱ እጅግ ስለሚራራቁ በአንዲት ተራ ዲሽ አብረው አይያዙም፤ የዓረብኛውንም ጣቢያ የሚፈልግ ሁለተኛ ዲሽ ማቆም አለበት። ይህችን አንዲት የሰሌዳ ወጪ ፈርተን፣ ዜናውንና ተከታታይ ድራማውን፣ የበዓል ዝግጅቱንም ሳይቀር ከዩቲዩብ ላይ በጥቅል እየገዛን እናያለን። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ያባከንነውን ፍራንክ ደግሞ ከዚህ ሆነን ስንለካው ትንሽ ይመስለናል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ገደማ እንደ ተቸነከረ ነው። ብሩ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ተለውጧል። ከዚያ ዕለት በፊት በባንክ ዋጋ አንድ ሺህ ፍራንክ ወደ 320 ብር ግድም ነበር፤ ዶላር ከመቶ ብር ካለፈ በኋላ ግን ያው አንድ ሺህ ፍራንክ ከ560 ብር በላይ ሆነ። ማንም ሳያየው ሲበራ የሚያድር ቴሌቪዥንና ራሱን በራሱ እያስቀጠለ የሚያጫውት ስልክ የሚበሉት ገንዘብ፣ ደወሌን ተሻግሮ ቢሄድ የአንዲት እናት የመድኃኒት ወጪ ነው። የኑሮ ውድነቱ በዚያም እንዳለ አልዘነጋሁም፤ ግን ከምንም ይሻላል።

ሌሎች ሦስት መከላከያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው «ልጆቹ በፈረንሳይኛ ስለሚማሩ የክፍያው ጣቢያ ያስፈልጋቸዋል» የሚል ነው። እውነት ለትምህርት ከሆነ ይሁን፤ ነገር ግን ካርቱን በሰባት ሰዓት ርዝመት ፈረንሳይኛ አያስተምርም። ለልጁ የቤት ሥራ የሚሆነው ኢንተርኔት መጀመሪያ ተለይቶ ይቀመጥለት።

ሁለተኛው «ኳስ ብቸኛ መዝናኛዬ ነው» የሚለው ነው። ማንም አይነፍግህም ወንድሜ። ሆኖም የአውሮፓ ሊጎች በግንቦት ጨርሰው እስከ ነሐሴ ያርፋሉ፤ ክፍያው ግን በብዙዎቻችን ቤት አያርፍም። በዚያ ላይ ሦስት ጎረቤታሞች ያንኑ ግጥሚያ በሦስት ቤት ከፍለው ያያሉ። በአንድ ቤት ተሰብስቦ፣ በተራ ቡና እያፈሉ ማየት ምኑ ነው የሚከብደው?

ሦስተኛው ግልጹ ነው፤ «ገንዘቡን የማመጣው እኔ ነኝ» ይላል። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው፣ ማታ ላይ የሠራተኛይቱን 60 ሜጋባይት ሲቆጥር ቢገኝ ቆጣቢ አይባልም። የጉልበት ሂሳብ ነው የሠራው። ገንዘቡን ያመጣው እርሱ ይሁን፤ ቤቱን ቤት ያደረጉት ግን ብዙ እጆች ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በኻምሲን ነፋስ ውስጥ ምድጃ ፊት የምትቆም ልጅ፣ የእናቷን ድምፅ መስማት ከደመወዟ በላይ የተቸራት ስጦታ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አይደለም። በወሩ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሠራተኛይቱም ጭምር ባለችበት፣ የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ወጪው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ፤ መቼ እንደ ተገዛ፣ መቼ እንደሚያልቅ። በሳተላይት በነጻ የሚገኘው በዲሽ ብቻ ይታይ። በኢንተርኔት የሚታየው ምስል ጥራቱ ወደ 480 ዝቅ ይበል፤ በስልክ መስኮት ላይ ልዩነቱ እምብዛም ነው፤ ወጪው ግን ከሲሶ አይበልጥም። ራሱን የሚያስቀጥለው ማጫወቻ ይዘጋ። አስቀድሞ የሚቀነሰውም የባለ ጉልበቱ ድርሻ ይሁን፤ የመጨረሻው ደግሞ ዘመድን ከዘመድ የሚያገናኘው ድምፅ።

በእኔ ቤት ይህ ከተጀመረ ወዲህ ጥቅሉ ከወሩ ጋር ያልቃል። ገና በመጀመሪያው ምሽት፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ ለልጅቱ ስሰጣት፣ ለረጅም ጊዜ አቀርቅራ አየችው። ከዚያም «ጋሼ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚፈቀድልኝ?» አለችኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በቤታችሁ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ሂሳቡን ገና አልሠራችሁም ማለት ነው።