የሻምፒዮኑ ዋንጫና የሻምፒዮኑ ኪስ

ሻምፒዮን ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ሻምፒዮን ማለት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ልቆ የተገኘ፣ ዓመቱን ሙሉ ተፈትኖ ያለፈ፣ በመሆኑም ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሸጋገር ከማንም በፊት መብት ያለው ሰው ነው ብለን ነው ያደግነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩን የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ አንደኛ የወጣው ገንዘብ አጥሮት መንገድ ላይ የሚቀርበት፣ ከእርሱ በታች የወጡት ግን የሚዛወሩበት ትምህርት ቤት ቢኖር ምን እንለዋለን? ትምህርት ቤት ሳይሆን ሱቅ ነው አንልምን?

እኔ እንዲህ ያለ ሱቅ አውቃለሁ። የአውሮፓ ፎርሙላ ሪጅናል ሻምፒዮና ይባላል።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። እሑድ ከሰዓት በሳተላይት ቴሌቪዥን ፎርሙላ ዋንን የሚከታተል አንባቢ፣ እነዚያ ነጂዎች ከሰማይ ዱብ እንዳላሉ ያውቃል። የወጡበት መሰላል አለ። በልጅነታቸው ካርቲንግ በሚባሉት ትንንሽ መኪኖች ይጀምራሉ። 15 ዓመት ሲሞላቸው ፎርሙላ 4 ይገባሉ። ከዚያ ፎርሙላ ሪጅናል፣ ከዚያ ፎርሙላ 3፣ ከዚያ ፎርሙላ 2፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጫፉ ነው። እንግዲህ ፎርሙላ ሪጅናል የመሰላሉ ወገብ ነው ማለት ነው። የአውሮፓው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ በ2021 ነባሩን የፎርሙላ ሬኖ የአውሮፓ ዋንጫ ጠቅልሎ ወሰደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ባለ አንድ መቀመጫ መኪናቸውን በሞንዛ፣ በኢሞላ፣ በሙጄሎና በስፓ ያከንፋሉ። ወደ ፎርሙላ ዋን ለመግባት የሚያስፈልገው ልዩ መንጃ ፈቃድ 40 ነጥብ ይጠይቃል፤ የዚህ ሻምፒዮና አሸናፊ በአንድ ዓመት 25ቱን ያገኛል። ወረቀት ላይ ሲነበብ እሰየው የሚያሰኝ ሥርዓት ነው።

የሥርዓቱ ጠበቆች ደግሞ አንድ የሚኮሩበት መከራከሪያ አላቸው። «መኪናው አንድ ዓይነት ነው» ይላሉ። እውነት ነው። በ2019 ሲጀመር ሁሉም የነዱት ታቱስ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ የሠራውን፣ 270 የፈረስ ጉልበት ያለውን መኪና ነበር። መኪናው እኩል ከሆነ ልዩነቱ የነጂው ችሎታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍትሕ አለ ነው ነገሩ።

እኔ በበኩሌ ይህን መከራከሪያ አልቀበለውም። ከ2019 እስከ 2024 ከተካሄዱት ስድስት ሻምፒዮናዎች አምስቱን ያሸነፉት ፕሬማ በተባለው አንድ ቡድን ውስጥ የነዱ ልጆች ናቸው። በ2021 ብቻ የሌላ ቡድን ነጂ፣ የኤ.አር.ቲው ግሬግዋር ሶሲ አሸነፈ። ፕሬማን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ቡድን ነው። ግን መኪናው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዋንጫው ወደ አንድ ቤት የሚጎርፍ ከሆነ፣ ከመኪናው ሌላ እኩል ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር መካኒኩ ነው፣ መሐንዲሱ ነው፣ ከውድድር ውጭ የሚደረገው ልምምድ ነው፣ ክረምቱን ወደ ሞቃት አገር ተሻግሮ መወዳደር ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ዋጋ አለው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ አንባቢ የማያውቀው ጉድ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ነጂው ደመወዝ አይከፈለውም፤ እርሱ ነው ለቡድኑ የሚከፍለው። የመኪናውን፣ የጎማውን፣ የመካኒኩን፣ ሲጋጭ የሚሰበረውን ሁሉ። አባቱ ካለው አባቱ፣ ከሌለው ስፖንሰር፣ ስፖንሰርም ከሌለው... ከሌለው የለውም። የመርሴዲስ ቡድን አለቃ ቶቶ ቮልፍ በ2010ዎቹ ባሰላው ስሌት፣ አንድ ልጅ ከካርቲንግ ተነሥቶ የፎርሙላ ዋን መቀመጫ እስኪያገኝ ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ዩሮ ይፈጃል። ይህን ያለው የሥርዓቱ ጠላት ሳይሆን ከሥርዓቱ ጌቶች አንዱ ነው። አበው «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ሲሉ ይህን መሰላል ያዩ ይመስላል።

የሆነው ሆኖ ነገር በምሳሌ ይገለጣልና የአንድ ልጅ ታሪክ ላንሣ። ጃንሉካ ፔቴኮፍ የተባለ ብራዚላዊ በ2020 የዚህ ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነ። ዕድሜው 18 ነበር። ፉክክሩ እስከ መጨረሻው፣ በታኅሣሥ ሮም አጠገብ በሚገኘው ቫሌሉንጋ እስከተካሄደው ዙር ድረስ ዘለቀ። ሁለተኛ የወጣው የቡድን ጓደኛው አርተር ሌክሌር ነው። ልብ በሉ፤ ፔቴኮፍ ያንን ዓመት የጨረሰው ዋና ስፖንሰሩን አጥቶ ነው። በማግሥቱ ዓመት ከፌራሪ የወጣቶች ማሠልጠኛም ወጣ። እንደምንም ብሎ በ2021 ወደ ፎርሙላ 2 ተሻገረ፤ በባሕሬንና በሞናኮ ተወዳደረ፤ ከዚያ ገንዘቡ አለቀና ቆመ። ሁለት ከተማ! ሻምፒዮኑ ከሁለት ከተማ በላይ የሚያስኬድ ስንቅ አልነበረውም። በኋላም አገሩ ገብቶ በብራዚሉ የስቶክ ካር ውድድር ተሰለፈ። ሁለተኛ የወጣው ሌክሌር ግን በ2021 በዚያው በፕሬማ ቡድን ፎርሙላ 3 ገባ። ሌክሌር ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። የኔ ጥያቄ፣ አንደኛው ምን ጎድሎት ነው የሚለው ነው። ፍጥነት እንዳልሆነ ዋንጫው ይመሰክራል።

አንድ የመኪና ውድድር አፍቃሪ ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «አንቶኔሊስ?» አለኝ። አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ በ2022 የጣሊያንን ፎርሙላ 4፣ በ2023 ይህንኑ የአውሮፓ ፎርሙላ ሪጅናል አሸንፎ፣ በ2025 በ18 ዓመቱ የመርሴዲስ የፎርሙላ ዋን ነጂ ሆነ። መሰላሉ ይሠራል ማለት ነው ባይ ነው ወዳጄ። ይሠራል እንጂ! ከልጅነቱ ጀምሮ መርሴዲስን የሚያህል ተቋም ለያዘው ይሠራል። የልጁን ችሎታ የሚክድ የለም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ዋንጫ አንሥተው፣ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ወገቡ ላይ ከቀረ፣ የለያቸው ዋንጫው አይደለም። ዋንጫው የማይለይ ከሆነ ደግሞ ውድድሩ ለምን ተካሄደ?

ወዳጄ አልተረታም፤ ሀሚልተንንና ኦኮንን ጠራብኝ። የሀሚልተን አባት ልጁን ለማወዳደር ሥራ ላይ ሥራ ደርቦ ሠርቷል፤ የኦኮን ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች ቤት ኖረዋል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔን ግን ያስደነግጠኛል። አንድ ቤተሰብ የልጁን ተሰጥኦ ለማስመስከር ጣሪያውን መሸጥ ካለበት፣ ታሪኩ የሚያስመሰግነው ወላጆቹን እንጂ ሥርዓቱን አይደለም። ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ያልደረሰላቸውን ማን ይጽፍላቸዋል? ሀሚልተንንም ቢሆን ማክላረን በ1998 በ13 ዓመቱ ባያነሣው ኖሮ የአባቱ ላብ ብቻውን የት ያደርሰው ነበር? እርሱው ራሱ ዛሬ ቢሆን ከሠራተኛ ቤተሰብ ተነሥቶ እዚህ መድረስ እንደማይችል በአደባባይ ተናግሯል። እኛ ሩጫ እየወደድን ያደግን ሰዎች ነንና ይህ ይገባናል፤ ሯጭ መጀመሪያ የሚጠየቀው እግርና ሳንባ እንጂ የባንክ ደብተር አይደለም።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ስፖርቱ ውድ ነው፤ በነጻ ይሁን ልትል ነው?» የሚል አይጠፋም። በነጻ ይሁን አልልም፤ በነጻ የተሞከረውም ሲወድቅ አይተናል። በ2019 የተጀመረው የሴቶች ደብሊው ሲሪስ፣ ያንኑ የታቱስ መኪና እያስነዳ ከነጂዎቹ አንዲት ሳንቲም አልጠየቀም ነበር። በ2022 ግን ገንዘብ አጥሮት ውድድሩን ሳይጨርስ ተቋረጠ። ሦስቱንም ሻምፒዮናዎች ያሸነፈችው ጄሚ ቻድዊክም አውሮፓ ውስጥ የሚቀጥለውን ደረጃ አላገኘችም፤ በ2023 ወደ አሜሪካ ተሻገረች።

እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ሻምፒዮኑ የሚቀጥለው ዓመት መቀመጫው ተከፍሎለት ይለፍ። ይኸው ነው። አይቻልም እንዳይባል አሜሪካኖቹ ያደርጉታል። ወደ ኢንዲካር በሚያደርሰው መሰላላቸው ላይ አሸናፊው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሻገርበትን ገንዘብ በሽልማት መልክ ያገኛል። ካይል ኪርክውድ ሦስቱንም ደረጃዎች እያሸነፈ ወጥቶ በ2022 ኢንዲካር ገባ፤ በ2023 በሎንግ ቢች አሸነፈ። አውሮፓ ውስጥ ከአሜሪካ ያነሰ ገንዘብ አለ የሚል ካለ ወደ ሞናኮ ወደብ ብቅ ብሎ መርከቦቹን ይቁጠር። ከየተወዳዳሪው መመዝገቢያ ጥቂት፣ ከፎርሙላ ዋን ቡድኖች ጥቂት፣ ከፌዴሬሽኑ ጥቂት ቢዋጣ የአንድ ልጅ መቀመጫ አይሞላም?

ይህን ማድረግ ካልፈለጉ ቢያንስ እውነቱን ይናገሩ። «ይህ የሀብታም ልጆች መዝናኛ ነው፤ ችሎታ ያለው ድሃ ቢገኝ እናጨበጭብለታለን፤ አናሳፍረውም» ይበሉ። ያኔ እኛም እሑድ ከሰዓት የዓለምን ምርጥ ነጂዎች እያየን ነው ብለን ራሳችንን አናታልልም። የምናየው መክፈል ከቻሉት መካከል ምርጦቹን ነው።

በአገራችን ዋንጫ የሚጠጣበት ዕቃ ነበር። ለእንግዳ የሚሰጠውም ተሞልቶ ነው። ባዶ ዋንጫ አስጨብጦ ማሰናበት ስድብ ነው፤ ፔቴኮፍን ያሰናበቱት እንደዚያ ነው።