የመውቂያ መኪናና እጃችን

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ አጨዳና ስለ ክምር ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ወደ አውድማው እንሂድ።

ዱሮ እህል የሚወቃው በበሬ ነበር። ዛሬም በብዙ ቦታ በበሬ ይወቃል። ነገር ግን ብዙዎቻችን መውቂያ ማሽን የምንለው መውቂያ መኪና በየቀበሌው እየገባ ነው። በበሬ ቀናት የሚፈጀውን ክምር በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ጤፉን አፈርና እበት አይነካውም። ጥሩ ነገር ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ሆኖም በሬና መኪና አንድ አይደሉም። በሬ «ቁም» ሲሉት ይቆማል። መኪናው ግን ጆሮ የለውም። ነዶውንና ክንዳችንን አይለይም።

እንዴት እንደሚሠራ እንይ። መኪናው ነዶ የሚጎርስበት አፍ አለው። ከአፉ በስተውስጥ እንደ ከበሮ ያለ ክብ ብረት አለ። በከበሮው ላይ የብረት ጥርሶች ተሰክተዋል። ሞተሩ ቺንጋውን ያዞራል፤ ቺንጋው ከበሮውን ያዞራል። ጥርሶቹ ዛላውን እየመቱ ፍሬውን ያራግፋሉ። ፍሬው በወንፊት ይወርዳል፤ ገለባው በሌላ በኩል ይወጣል።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ከበሮው በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። ከዚህ በላይ የሚዞርም አለ። አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። 600ን ለ60 ስናካፍል 10 ይሆናል። ስለዚህ ከበሮው በአንድ ሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ጥርሱ ነዶውን ሲስብ፣ ነዶውን የያዘውንም እጅ አብሮ ይስባል። «ኧረ!» ለማለት እንኳ ጊዜ የለም።

በህንድ አገር ብዙ ገበሬዎች በዚህ መኪና እጃቸውን አጥተዋል። በዚህም የተነሣ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ አደገኛ መኪናዎች ሕግ ወጣ። በአገሩ የደህንነት ደረጃ መሠረት፣ ነዶው ተኝቶ የሚገባበት የቆርቆሮ አሸንዳ ከ90 ሳንቲ ሜትር ማጠር የለበትም። ከዚህም ውስጥ ወደ ከበሮው የቀረበው 45 ሳንቲ ሜትር ከላይ የተከደነ መሆን አለበት። ይህም እጅ ከበሮው ዘንድ እንዳይደርስ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር በእኛ መለኪያ ሁለት ክንድ ያህል ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሳይነሣ የእናንተን መኪና አሸንዳ ከውጭ በክንዳችሁ ለኩት። አንድ ክንድ ብቻ ከሆነ አጭር ነው። ብረት ሠሪ ሊያስረዝመው ይችላል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ክዳኑ «ሥራ ያጓትታል» ተብሎ ይነቀላል። ይህን ከመሰለ መኪና ፊት አትቁሙ።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው መኪናው ሲታነቅ ነው። ጤዛ ያልለቀቀው ወይም ዝናብ የነካው ነዶ ከበሮው ላይ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ ሰው እጁን ሰዶ መጎተት ይፈልጋል። ይህ ስሕተት የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። በካናዳና በአሜሪካ በክረምት በረዶ ደጃፍ ይዘጋል። በረዶውን ጠርጎ የሚወረውር መኪና አላቸው። እርጥብ በረዶ ጉሮሮውን ሲደፍነው በእጁ ሊጠነቁል የሚሞክር አለ፤ ጣቱንም ይቆረጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ መኪናዎች መጠንቆያ አብሯቸው ይሸጣል። ለእኛም የሚሻለው እንጨት ነው። እንጨት ቢሰበር ሌላ ይቆረጣል።

ሆኖም እንጨቱም ቢሆን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። አንድ እናት በትምህርት ሰዓት «ሞተሩ ከጠፋ ምን እንጠብቃለን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው። የውኃ ወፍጮ ውኃው ከተዘጋበት በኋላ ድንጋዩ ጥቂት ይዞር የለም? ከበሮውም እንዲሁ ነው። ድምፁ ጠፍቶ ጥርሱ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት፤ ከበሮው መቆሙን በዓይን ማየት፤ ቺንጋውን ማውጣት፤ ከዚያ በኋላ በእንጨት ማጽዳት ነው። የሞተሩ ማስነሻ እጀታም በሚያጸዳው ሰው እጅ ይሁን። ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያስነሣው ነው።

ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ይቸኩላል። የመኪናው ባለቤት የሚከፈለው በኩንታል ነው። መኪናው ሲቆም ገንዘቡ ይቆማል። ባለ ክምሩም ደመና እያየ ይጨነቃል። ሁለቱንም አንፈርድባቸውም። ግን ከመጀመራቸው በፊት «ሲታነቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ማንም ማንንም አይቆጣም» ብለው ቢስማሙ ይሻላል። ምልክትም ያስፈልጋል። ሞተር ሲጮህ ቃል አይሰማምና፣ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ አጥፋ ማለት ይሁን። ደግሞ መኪናው ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የባዕድ ቋንቋ ነው። አሁን ፊደል ቆጥረናል። አሸንዳው ላይ በቀይ ቀለም «እጅ አይግባ» ብለን ራሳችን እንጻፍበት።

ጋቢና ነጠላ ለብሶ ነዶ ማጉረስ አይገባም። የሻሽና የመቀነት ጫፍ ይታሰር። የአንገት ክር ከሸሚዝ ውስጥ ይግባ። በደቦ ቀን ጠላ ይጠመቃል፤ የሚያጎርሰው ሰው ግን ድርሻው ይቀመጥለትና ማታ ይጠጣ። ልጆች በገለባው መጫወት ይወዳሉ፤ አንድ ትልቅ ሰው ይጠብቃቸው። በኩራዝና በባትሪ መብራት መውቃት ይቅር። ነዶው ውስጥ የተረሳ ማጭድ እንዳይኖርም እየፈቱ ማየት ነው። ማጭድ ከበሮው ውስጥ ከገባ ብረቱ ተሰባብሮ ሰው ላይ ይወረወራል።

ባለ መኪናው ደግሞ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሜዳ ላይ አቁሞ ዘይቱን ይይ። የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ ያራግፍ፤ የገለባ ብናኝ ቶሎ ይደፍነዋል። የከበሮው ጥርሶች ብሎን ይጥበቅ። ኩሽኔታው ግራሶ ይቀባ። በእጅ የሚነሣ ሞተር ሲሆን፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ባንድ ወገን ይሁን፤ እጀታው ወደ ኋላ ከመለሰ ጣት ይሰብራል። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው። የጭስ ማውጫው ወደ ክምሩ አይዙር። አንድ የእሳት ፍንጣሪ የዓመት ጉልበት ያቃጥላል።

እጅ ከተያዘ ግን ሰውየውን አትጎትቱት። ሞተሩን አጥፉ፤ ቺንጋውን አውጡ፤ ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ። ቡና፣ አፈር ወይም እበት አታድርጉበት። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ላይ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌውን ይወጋ።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጎተራና ስለ ነቀዝ እንነጋገራለን።