«ሽንቱን ሸንቷል?» ለሚለው ጥያቄ

ከመርሳም ሆነ ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ታሞ ወልድያ ሆስፒታል የሚገባ አራስ፣ አስታማሚዎቹ ደጋግመው የሚጠየቁት አንድ ነገር አለ፤ «ሽንቱን ሸንቷል?» የሚል ነው። አያቲቱ ወይም አክስቲቱ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነው» ይላሉ። ምስጋናው የሚገባ ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልሆነም። ነርሷ የምትሻው ስንት ጊዜና በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።

በጽኑ የታመመ አራስ ኩላሊቱ ቶሎ ይጎዳል። ሲወለድ የታፈነ ሕፃን ሰውነቱ ያለችውን ኦክስጅን ለአንጎልና ለልብ ሲያስቀድም ኩላሊት ይጎድልበታል። ኢንፌክሽን በደም ሲሰራጭ፣ ሳይጠባ ውሎ ፈሳሽ ሲያጥረው፣ ያለጊዜውም ሲወለድ እንደዚሁ ነው። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። (ይህን አንብቦ መርፌውን እምቢ የሚል እንዳይኖር አደራ! ኢንፌክሽኑ ራሱ ይገድላል። የኩላሊቱ መድከም በጊዜ ከታወቀ ሐኪሙ መርፌውን ያራርቀዋል ወይም ይለውጠዋል።)

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በሕንድ 24 ሆስፒታሎች ከታከሙ 2,022 አራሶች መካከል በ605ቱ ላይ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት አግኝቷል። ጉዳቱ ከደረሰባቸው ከ100ው 10 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልደረሰባቸው ግን 1 ያህል ብቻ ነው የሞተው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? በደም ውስጥ የሚለካው ክሬያቲኒን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእናቲቱን ደም ያንጸባርቃል፤ የሚጨምረውም ኩላሊት ከተጎዳ ዘግይቶ ነው። ስለሆነም ምርመራው ይደጋገማል። «ደሙን ጨረሱት» ብሎ ማጉረምረም ተገቢ አይመስለኝም። ሽንት ግን በየሰዓቱ ይታያል። ደረቁ ጨርቅ ይመዘናል፤ ሲርስም ይመዘናል፤ የልዩነቱ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ሽንት ማለት ነው። መቀነስ የሚችል የ3ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ያሰላዋል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ72 ሚሊ ሊትር በታች ከሸና ያሳስባል፤ ይህም አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። ሽንት ስለወጣ ብቻ ኩላሊቱ ደህና ነው ማለትም አይደለም፤ የደም ምርመራው የማይቀረው ለዚሁ ነው።

ችግሩ ደግነታችን ነው። ጠያቂ ዘመድ የረጠበውን ጨርቅ ፈጥኖ ለውጦ ያጥበዋል፤ የሌሊቷ አስታማሚ ስትሄድ ያየችውን ይዛው ትሄዳለች። ጨርቁን ለነርሷ ሳያሳዩ አለማጠብ፣ ሰዓቱንም በወረቀት ጽፎ ለተረኛው ማስረከብ ይበጃል።

ቤት ያለ አራስም ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሸና ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። በሳምንቱ መጨረሻ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ጨርቅ ማርጠብ ይኖርበታል። እንገሩ አይደፋ፤ ቅቤና የስኳር ውሃም አይሰጠው። በተለይ በዐቂቃው ግርግር እንግዳ ሲበዛ ሕፃኑ ሳይጠባ እንዳይውል የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ።

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትላኩም ከሪፈር ወረቀቱ ጋር እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጨረሻ የሸናበትን ሰዓት፣ መጨረሻ የጠባበትን፣ መርፌ ከተወጋም የመርፌውን ስምና የተወጋበትን ሰዓት።